የዱመተል ጀንደሏ ሴት እና የባቢል መንገድ

ነብዩ ሙሐመድ በ632 እ.ኤ.አ. ካረፉ ብዙም ሳይቆይ ከሰሜን ዐረቢያ በረሃ የተነሳች አንዲት ሴት መዲና ገባች። የመጣችው እሳቸውን ለመጠየቅ ነበር። ማረፋቸውን ስትሰማ ወደ ባለቤታቸው ወደ ዓኢሻ ሄዳ አምርራ አለቀሰች፤ ልቅሶዋም የዓኢሻን አንጀት በላ። ያስጨነቃት ነገር ድግምት ነው። አገሯን ትታ እስከ ባቢል ድረስ ተጉዛ ነበር፤ አሁን ግን እምነቷን አጥታ የጠፋች መስሏታል።

ታሪኩ ለትውልድ የደረሰው በአንድ ቤተሰብ በኩል ነው። ከዓኢሻ የሰሙት የእህታቸው ልጅ ዑርዋ ኢብን ዙበይር ናቸው። ከዑርዋ ልጃቸው ሂሻም፣ ከሂሻም ደግሞ ኢብን አቢ ዚናድ ተቀበሉት። በ923 የሞቱት ጦበሪ በቁርኣን ማብራሪያቸው ውስጥ መዘገቡት፤ በ1373 የሞቱት ኢብን ከሢርም እንግዳ ዘገባ መሆኑን ጠቁመው ደገሙት። ሁለቱም ያስገቡት ሃሩትና ማሩት የተባሉት ሁለት መላእክት በባቢል ለሰዎች ፈተና ሆነው መውረዳቸውን የሚናገረውን የሁለተኛውን ምዕራፍ 102ኛ አንቀጽ ሲያብራሩ ነው።

ሴትዮዋ የዱመተል ጀንደል ሰው ነበረች። ዱመተል ጀንደል ዛሬ በሳዑዲ ዐረቢያ የጀውፍ ክልል ውስጥ የሚገኝ፣ ከነፉድ አሸዋ በስተሰሜን፣ በሲርሃን ሸለቆ ጫፍ ላይ ያለ የተምር አገር ነው። ከሶርያ፣ ከመዲናና ከኢራቅ የሚመጡ ነጋዴዎች ውኃ የሚቀዱበት መገናኛ ስለነበር፣ በዙሪያው ካለው ምድረ በዳ ይልቅ በሩቅ ከተሞች የሚሆነውን ቀድሞ የሚሰማ ስፍራ ነበር። በኦሪት ዘፍጥረት ከእስማኤል ልጆች መካከል የተጠቀሰው ዱማ ከዚህ ቦታ ጋር እንደሚገናኝ ብዙ ተመራማሪዎች ይስማማሉ። የከልብ ጎሣ ወድ የተባለውን ጣዖት ያመልክ የነበረው በዚሁ ነው። በ630 የሙስሊሞቹ የጦር መሪ ኻሊድ ኢብን ወሊድ ሲዘምቱበት ገዥው ኡከይዲር የተባለ ክርስቲያን ነበር። እንግዲህ ሴትዮዋ ያደገችው ጣዖት፣ ክርስትናና እስልምና በተገናኙበት መንደር ነው።

ከዚህ አገር ወደ ሁለቱ ወንዞች አገር ወደ ሜሶፖታሚያ የሄደች የመጀመሪያዋ ሴትም አይደለችም። የአሦር ነገሥታት ጽሑፎች ቦታውን አዱማቱ ይሉታል። ንጉሡ ሰናክሬም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ690 ገደማ ዘምቶ፣ ንግሥትም ካህንም የነበረችውን ተኤልኹኑን ከጣዖቶቿ ጋር ማርኮ ወሰዳት። ከዚያ በኋላ ታቡአ የተባለች የዐረብ ሴት በአሦር ቤተ መንግሥት አደገች፤ የሰናክሬም ልጅ አስራዶን ደግሞ አንግሦ ጣዖቶቿን አስይዞ ወደ ወገኖቿ መለሳት። ታቡአ በቤተ መንግሥቱ ምን እንደተማረች የሚናገር ጽሑፍ የለም። ሆኖም የበረሃ ሴት ወደ ሁለቱ ወንዞች አገር ሄዳ ንግሥት ሆና መመለሷ፣ በዱመተል ጀንደል ከእስልምና ከ1,200 ዓመት በላይ ቀድሞ የታየ ነገር ነው።

ባቢልም የድግምት አገር የሚል ስም ያገኘው በከንቱ አልነበረም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት የተጻፈው የባቢሉ ንጉሥ የሐሙራቢ ሕግ ሁለተኛ አንቀጹን ለጥንቆላ ክስ ሰጥቷል፦ የተከሰሰው ሰው ወደ ወንዝ ይገባል፤ ወንዙ ከወሰደው ከሳሹ ቤቱን ይወርሳል፤ ከዳነ ግን ከሳሹ ይገደላል። ማቅሉ የተባለው ታላቅ የድግምት ማክሸፊያ ሥርዓት ደግሞ ወደ መቶ የሚጠጉ ድግምቶችን ይዟል፤ ሌሊቱን ሙሉ እየተነበቡ የደጋሚዋ ምስል በእሳት ይቃጠላል። ደጋሚዋ ብዙውን ጊዜ ሴት ናት፤ ከየት ልትመጣ እንደምትችል ሲዘረዝርም ባዕዳን ሴቶችን ይጠራል፤ ከእነሱም ውስጥ የበረሃ ዘላኖች የሆኑት የሱቱ ሴቶች አሉበት። የባቢል ሰው ድግምት ከበረሃ ሴት ይመጣብኛል ብሎ ይፈራ ነበር፤ የበረሃው ሰው ደግሞ ምንጩ ባቢል ነው ይል ነበር። ሁለቱም የፈሩት ከጎረቤት የሚመጣውን ነው።

ሴትዮዋ በኖረችበት ዘመን ይህ ጥበብ ገና አልጠፋም። ከ5ኛው እስከ 8ኛው ክፍለ ዘመን በሜሶፖታሚያ የኖሩ አይሁድ፣ ክርስቲያኖች፣ ማንዳውያንና ሌሎችም በሸክላ ሳሕን ውስጥ ድግምት አስጽፈው በቤታቸው ወለል ሥር ይደፉት ነበር። ጽሑፉ በአራማይክ ቋንቋዎች፣ በቀለም፣ እየዞረ ይሄዳል፤ ባለቤቱም በእናቱ ስም ይጠራል። ከባቢል በስተ ደቡብ ምሥራቅ ባለችው በኒፑር የአሜሪካ ቁፋሮ ከ1888 ጀምሮ ብዙ ሳሕኖች አወጣ። አንዳንዶቹ ሳሕኖች ልጆቿን ክፉ መንፈስ ስለገደለባት ስማሚት ስለምትባል እናት ይተርካሉ። ይህ ተረክ በአገራችን ክታብ ላይ በፈረስ ተቀምጦ ሕፃናት ገዳይዋን ወርዘልያን በጦር ከሚወጋው ከቅዱስ ሱስንዮስ ታሪክ ጋር ዝምድና አለው፤ ልጅ የሞተባት የኢትዮጵያ እናት አንገቷ ላይ ያሰረችው ጸሎት ሩቅ ዘመዱ በኢራቅ ወለል ሥር ተቀብሯል ማለት ነው።

ከዱመተል ጀንደል እስከ ባቢል በቀጥታ መስመር ከ500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ለግመል የሁለት ሳምንት ያህል መንገድ ነው። በሴትዮዋ ትረካ ግን ጉዞው የአንድ ሌሊት ነው። ባሏ ርቋት ሄዶ ነበር። አንዲት አሮጊት፣ የምልሽን ካደረግሽ ባልሽ ይመጣልሻል አለቻት። ሌሊት ሁለት ጥቁር ውሾች ይዛ መጣች፤ አንዱን እሷ፣ ሌላውን ሴትዮዋ ተቀምጠው ባቢል ደረሱ። እዚያ ሁለት ሰዎች በእግራቸው ተሰቅለዋል። ድግምት ልማር መጣሁ ስትላቸው፣ እኛ ፈተና ነንና ሳትክጂ ተመለሺ አሏት። እምቢ ስትል ወደ አንድ የዳቦ ምድጃ ሄዳ ውስጡ ሽንቷን እንድትሸና አዘዟት። ሁለት ጊዜ ፈርታ ሳታደርገው ተመለሰች፤ ምን አየሽ ሲሏት ምንም ስላለቻቸው፣ አላደረግሽውም፣ አሁንም ተመለሺ አሏት። በሦስተኛው አደረገችው፤ ያኔ ፊቱን በብረት የሸፈነ ፈረሰኛ ከውስጧ ወጥቶ ወደ ሰማይ ሲያርግ አየች። እምነትሽ ነው የወጣው፣ ሂጂ ተባለች።

የሚገርመው ምንም ትምህርት አለመሰጠቷ ነው። ተማሪዋ የተማርኩት የለም ስትል አሮጊቷ ስንዴ ሰጥታ ዝሪው አለቻት። ዘራችው። ብቀል ስትለው በቀለ፤ አሽት፣ ድረቅ፣ ተፈጭ፣ ተጋገር ስትለው ሁሉም ሆነ። ያገኘችው ኃይል ወርቅም ሥልጣንም አልነበረም፤ ከማሳ እስከ ወፍጮ፣ ከወፍጮ እስከ ምድጃ የሴት ወገብ የሚቆርጠውን ሥራ በቃል ብቻ መጨረስ ነው። የሄደችለት ባል በዚህ ክፍል አይነሳም። ዳቦው ሲጋገር ያየችው ሴት ያረከሰችውም የዳቦ ምድጃ ነበር፤ ወዲያው ተጸጸተች፣ ከዚያ በኋላም በኃይሉ ምንም እንዳልሠራች፣ ወደፊትም እንደማትሠራ ለዓኢሻ ማለች።

ከዚህ በኋላ በመዲና የሆነው ከውሾቹና ከፈረሰኛው የበለጠ ትኩረት ይገባዋል። የነብዩ ባልደረቦች ያኔ ብዙ ነበሩ። ሴትዮዋ ጠየቀቻቸው፤ ሁሉም በማያውቁት ነገር ፈትዋ (ሃይማኖታዊ ብያኔ) መስጠት ፈሩ። ኢብን ዓባስ፣ ወይም አብረዋቸው ከነበሩት አንዱ፣ ወላጆችሽ ወይም ከሁለቱ አንዳቸው በሕይወት ቢኖሩ ይበቁሽ ነበር ከማለት በቀር መልስ አላገኘችም፤ ወላጅን መጦር ከባድ ኃጢአትን ያስተሰርያል ማለታቸው ነው። ሂሻም ይህን ሲተርኩ እነዚያ ሰዎች ፈሪሃ አምላክ ስለነበራቸው መታቀባቸውን ያወድሱ ነበር፤ እንዲህ ያለች ሴት በእሳቸው ዘመን ብትመጣ ግን ሳያውቁ የሚደፍሩ ሞኞች ያጋጥሟት እንደነበር ይናገሩ ነበር።

ኢብን ከሢር የዘገባው ሰንሰለት እስከ ዓኢሻ ድረስ ጥሩ ነው ብለዋል። ከዓኢሻ ወዲያ ያለችው ግን ስሟ ያልተጻፈ ሴት ብቻ ናት። ስለዚህ ታሪኩ አንዲት የተጨነቀች ሴት መዲና መጥታ ይህን መናገሯን ያስረዳል እንጂ በባቢል የሆነውን አያረጋግጥም። በኋላ የሕግ ሊቃውንት ስለ ደጋሚ ጠንከር ያለ ብያኔ ሰጥተዋል፦ በ795 የሞቱት ማሊክ ንስሐ ሳይጠየቅ እንዲገደል ሲወስኑ፣ በ820 የሞቱት ሻፊዒ ድግምቱ ክህደት ያለበት መሆኑ አስቀድሞ ይመርመር አሉ። የዱመተል ጀንደሏ ሴት መዲና ስትገባ ሁለቱም አልተወለዱም፤ በዘገባው ውስጥም ትቀጣ ያለ አንድም ሰው የለም።