እንዶድ፤ ከወንዝ ዳር እስከ ፓተንት ጽሕፈት ቤት

የታሪክ መጻሕፍታችን ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት እንጂ ስለ ሠፊው ሕዝብ ዕውቀት እምብዛም አይናገሩም። እናቶቻችን የእንዶድን ፍሬ አድርቀው፣ ወቅጠውና በውሃ ዘፍዝፈው ነጠላና ጋቢ ሲያነጹበት ኖረዋል፤ ይህ ሙያ ግን እንደ ሳይንስ የተቆጠረበት ጊዜ አልነበረም።

በ1964 (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ ነበር። በሽታውን የሚያመጣው ትል ወደ ሰው ከመግባቱ በፊት በውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ማደግ አለበት። ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ሥፍራ ግን ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ተገኙ። ተመራማሪው ሕያዋን ቀንድ አውጣዎች ሰብስበው ከአጣቢዎቹ አንዷን የእንዶድ አረፋ እንድትጨምርባቸው ለመኑ፤ እነርሱም ሞቱ። የመጀመሪያው ሙከራ በወንዝ ዳር፣ በአንዲት ልብስ አጣቢ እጅ ተፈጸመ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የኬሚስቶቹ ተራ ሆነ። የፍሬው ኃይል የሚመነጨው ሳፖኒን ከሚባሉ አረፋ ሰጪ ንጥረ ነገሮች ሲሆን፣ ከእነርሱም አንዱ በአግኚው ስም ለማቶክሲን ተባለ። እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። በደረቀው ፍሬ ውስጥ ሳፖኒኖቹ በአብዛኛው ቀንድ አውጣን በማይገድል መልክ ተቆልፈው ይቆያሉ፤ ፍሬው በሜታኖል ሲጨመቅም የሚወጣው ይኸው ደካማ መልክ ነው። ተወቅጦ ከውሃ ሲገናኝ ግን የፍሬው ኤንዛይሞች ከሞለኪውሉ አንዱን የስኳር ሰንሰለት ይቆርጡና ገዳዩ ሳፖኒን ይገኛል። የተራቀቀው ማሟሚያ የተሳነውን ሙቀጫና ውሃ ፈጽመውታል!

ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ ልዩ ልዩ የእንዶድ ዝርያዎችን አወዳድረው «ዓይነት 44» የተባለውን መረጡ። ሁለቱ ሊቃውንት በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ።

ይሁን እንጂ ከግኝቱ እስከዚህ ሽልማት 25 ዓመታት አልፈዋል። ዓለም አቀፍ የጤና ባለሥልጣናት የመርዛማነት ምርመራው በታወቀው የላቦራቶሪ ደንብ እንዲካሄድ ጠየቁ። ምርመራ አያስፈልግም አንልም፤ እንዶድ ዓሣንም ይገድላልና። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ምርመራ የሚያካሂድ ላቦራቶሪና ገንዘብ የሌለው አገር የራሱን ፍሬ ለራሱ ወንዝ ለማዋል የባዕድ በር ማንኳኳት ግዴታው ሆነ። ወጪው የተሸፈነው በኋላ ዘመን፣ በካናዳ የልማት ምርምር ማዕከል ርዳታ ነበር።

በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ዜብራ መስል የምትባል ባለዛጎል እንስሳ የውሃ ቧንቧዎችን በዘጋች ጊዜ ግን ነገሩ ፈጠነ። እንዶድ እርሷንም እንደሚገድል ታወቀ፤ በ1993ም በአሜሪካ ፓተንት ተሰጠ። አክሊሉ ለማ ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ሆነው ቢመዘገቡም ባለመብቱ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ነበር። የዐድዋ አጣቢዎች በዚያ ሕግ ፊት ፈልሳፊም ባለመብትም አይደሉም፤ ሕጉ የግለሰብንና የድርጅትን እንጂ የማኅበረሰብን ዕውቀት የሚመዘግብበት ዓምድ የለውም።

ኢትዮጵያ የማኅበረሰብ ዕውቀትን መብት በአዋጅ ቁጥር 482 የደነገገችው በ2006 ነው። አክሊሉ ለማ ያረፉት ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1997 ነበር።