ዳገት ያስከበረው ብስክሌት

ብስክሌትንም ሆነ ሰውን ዘናጭ የሚያሰኘው ዋጋና አዲስነት ነው ለሚል፣ የስዊዘርላንድ ጦር ብስክሌት ታሪክ ጥሩ መልስ አለው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1905 ለሠራዊቱ የቀረበው ይህ ብስክሌት ያለው አንድ ማርሽ ብቻ ነው፤ ባዶውን እንኳ ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ያም ሆኖ እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ ሲመረት ኖረ። ወታደሩ ትጥቁን ጭኖ የዚያችን ተራራማ አገር ዳገት በጉልበቱ ይወጣበት ነበር። የሠራዊቱ የብስክሌተኛ ክፍሎች በ2000ዎቹ መጀመሪያ ቢፈርሱም ሰብሳቢዎች ዛሬም ይፈልጉታል። ክብሩን ያገኘው ከጦሩ ስም ነው የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ከመጋዘን የወጣ የጦር ዕቃ ሁሉ እንዲህ አልተወደደም። ይህ ብስክሌት የተወደደው ነጂው ምን እንደቻለ በግልጽ ስለሚያሳይ ይመስለኛል።

እዚያው ስዊዘርላንድ፣ በዙሪክ ከተማ ደግሞ በ1993 ወንድማማቾቹ ማርኩስና ዳንኤል ፍራይታግ ከአሮጌ የጭነት መኪና ሸራ፣ ከብስክሌት ካላማዳሪና ከመኪና ቀበቶ ዝናብ የማያስገባ ቦርሳ ሰፉ። መነሻቸው በብስክሌት ፖስታ የሚያደርሱ ሠራተኞች የሚይዙት ዓይነት ቦርሳ ነበር። ከተማዋ በ1999 የእነዚህኑ ሠራተኞች የዓለም ሻምፒዮና አስተናገደች፤ ቦርሳውም ኒውዮርክ ወደሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ገባ። ዛሬ ቦርሳው ውድ ነው፤ ብስክሌት ነድተው የማያውቁም ይይዙታል። ታዲያ ዝነጣው በገንዘብ ተገዛ ማለት ነው? በከፊል አዎን። ግን ገዢው የሚከፍለው ለጭረቱ፣ ለደበዘዘው ቀለምና ሸራው በመንገድ ላይ ለቆየባቸው ዓመታት ነው። ገንዘቡ የመጣው ሥራው ከታየ በኋላ ነው፤ የወንድማማቾቹ ኩባንያም እስካሁን ቦርሳውን የሚሰፋው ካገለገለ ሸራ ነው።