ከምስክር ቃል ወደ መዝገብ
የምርምር ማስረጃ ታሪክና የመካነ ሰላም ትምህርት ቤቶች

መካነ ሰላም በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ የምትገኝ የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከከተማይቱ ባሻገር አገሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ እያዘቀዘቀ ስለሚወርድ፣ ከብዙዎቹ ቀበሌዎች ወደ ሐኪም ቤት መድረስ ረዥም ጉዞ ይጠይቃል። በ2010ዎቹ ዓመታት የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንደኛው ግቢ በዚህችው ከተማ ሥራውን በመጀመሩ፣ ምርምር ለአካባቢው ሕዝብ የሩቅ ነገር መሆኑ ቀርቷል። ዩኒቨርሲቲ በተተከለበት አገር ሁሉ ግን አንድ ጥያቄ አብሮ ይነሣል፤ ይኸውም ተመራማሪው ስለ ሕዝቡ ኑሮ ማስረጃውን ከየት ያገኛል የሚለው ነው። እጅግ የተራራቁ የሚመስሉ የሁለት የዕውቀት ዘርፎች፣ ማለትም የፊዚክስና የሴቶች ጤና፣ የኢትዮጵያ ታሪካቸው ለዚህ ጥያቄ ተመሳሳይ መልስ ይሰጣል።

በ1950 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት በተከበረበት ጊዜ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቋመ። መሥራቹ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን አባ ፒዬር ጉዋን ነበሩ። አዲስ አበባ ከመሬት የመግነጢስ ወገብ አቅራቢያ የምትገኝ በመሆኗ፣ የጣቢያው የመጀመሪያ ተግባር በአመዛኙ የመሬትን መግነጢስ መለካት ነበር። ይሁን እንጂ ግንቦት 24 ቀን 1953 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በደሴ መንገድ ላይ በምትገኘው በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ማጀቴን አፍርሶ ብዙ ሰዎችን ያለ መጠለያ ባስቀረ ጊዜ፣ የጥናቱ አቅጣጫ ወደዚሁ ሰፋ።

በዚያን ጊዜ አንድ ችግር ጎልቶ ታየ። መሣሪያ የሚመሰክረው ከተተከለበት ቀን ወዲህ ላለው ጊዜ ብቻ ነው፤ የመሬት መንቀጥቀጥ ግን በአንድ ቦታ ላይ ከብዙ ትውልድ በኋላ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ አባ ጉዋን ዜና መዋዕሎችን፣ የገዳማት ጽሑፎችንና የመንገደኞችን ማስታወሻዎች መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ1842 በአንኮበር የደረሰውን የመሬት መንሸራተት የመሰለ ክስተት የታወቀው በዚያን ጊዜ ያዩት ሰዎች ጽፈው በማቆየታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመው የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ መጽሐፋቸው የዚህ ድካም ፍሬ ነው። ፊዚክስ እንኳ፣ ትክክለኛ ልኬት የሚመካበት ሳይንስ ሆኖ ሳለ፣ የቀድሞውን ዘመን ለማወቅ በሰው ቃል ላይ ተደግፏል።

የሴቶች ጤና ጥናትም በዚሁ መንገድ ተጉዟል። በ1992 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት 871 እናቶች እንደሚሞቱ ገመተ። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው ተመሳሳይ ጥናት ግምቱን 412 አደረሰው። እነዚህ አኀዞች በብዙ የዕቅድ ሰነዶች ተጠቅሰዋል፤ የተገኙበት መንገድ ግን በብዙዎች ዘንድ አይታወቅም። ሞትን ሁሉ የሚይዝ መዝገብ ባለመኖሩ፣ ጠያቂዋ አንዲትን ሴት ከአንድ እናት የተወለዱ እኅቶቿን በየተራ እንድትቆጥር ትጠይቃታለች፤ ከመካከላቸው የሞተች ካለች፣ በእርግዝና፣ በምጥ ወይም ከወሊድ በኋላ ባለው አጭር ጊዜ መሞቷን ታጣራለች። የዚህ ዘዴ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1989 በዌንዲ ግራሃም፣ በዊልያም ብራስና በሮበርት ስኖው የተጣለ ነው።

እንግዲህ ያ ታላቅ አኀዝ ከእኅቶች ትዝታ የተሠራ ነው። ስለዚህም የ2008ቱ ግምት ከ273 እስከ 551 ባለው ክልል ውስጥ የትም ሊያርፍ እንደሚችል ጥናቱ ራሱ ገልጿል። ለአገር የሚበቃው ይህ ግምት ለወረዳ አይበቃም፤ በቦረና ወረዳ በአንድ ዓመት ስንት እናቶች እንደ ሞቱ ከእርሱ ማወቅ አይቻልም።

ስለ ሴቶች ደኅንነት የተደረገው ጥናት ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። በቡታጅራ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ የኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ በ10 ቀበሌዎች ልደትንና ሞትን በቋሚነት ሲመዘግብ ቆይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 በዚሁ ስፍራ ያካሄደው ጥናት፣ ባል ወይም የትዳር ጓደኛ ከነበራቸው ሴቶች መካከል 71 በመቶው በዕድሜያቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከዚሁ ሰው እንደ ደረሰባቸው አሳየ። ይህ እውነት ሊገለጥ የቻለው በአጠያየቁ ጥንቃቄ ነው። ጠያቂዎቹ የሠለጠኑ ሴቶች ነበሩ፤ ከአንድ ቤት አንዲት ሴት ብቻ፣ ለብቻዋ ትጠየቅ ነበር፤ በሰፈር የሚነገረውም ስለ ሴቶች ጤናና ኑሮ የሚጠና መሆኑ ብቻ ነበር። ምስክሯን ለአደጋ የሚያጋልጥ ጥናት ምስክሯንም እውነቱንም ያጣል።

ከዚህ ታሪክ መምህራንና የዕቅድ ባለሙያዎች የሚያገኙት ቁም ነገር አለ። የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ በ2008 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ተጀምሯል። ሕግ ብቻውን ግን መዝገብ አይሞላም። በገጠር ቀበሌ ከማንም በፊት የልጆችን ስምና ዕድሜ በየዓመቱ የሚጽፈው መምህሩ ነው። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ በመንፈቀ ዓመቱ ስትቀር፣ በስሟ አንጻር የሚጻፈው «አቋረጠች» የሚል አንድ ቃል ከሆነ፣ ብዙ ነገር ተሰውሮ ይቀራል። ተድራ ይሆን? ወደ ዐረብ አገር ሄዳ ይሆን? ወይስ ታማ? የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት መሆኑን የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ደንግጓል፤ ይሁንና ያለ ዕድሜዋ የተዳረችው ልጅ በአኀዝ ካልታየች ሕጉ የሚደርስላት በምን መንገድ ነው?

ምክንያቱን በጥንቃቄ መጻፍ፣ ስሙን ግን ከማይመለከተው ሰው መጠበቅ፣ ከየትምህርት ቤቱ አቅም በላይ የሆነ ሥራ አይደለም። የአንኮበሩን ጥፋት ለኋላ ትውልድ ያቆዩት ያዩትን የጻፉ ሰዎች እንደ ሆኑ ሁሉ፣ በመካነ ሰላም ዙሪያ ያሉ መምህራን ዛሬ የሚጽፉትም ነገ በአቅራቢያቸው ላለው ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ማስረጃ ይሆናል። ያኔ ስለ እናቶች ሞት የሚጠየቀው መዝገቡ ይሆናል፤ እኅት የእኅቷን ሞት ለማያውቃት ጠያቂ እንደ ገና መቁጠር አይኖርባትም።