ወጣቱ ዘንድ የሚያስገባው በር፣ ቁልፉስ በማን እጅ ነው?

(የኢትዮጵያ ተብለው ካልተጠቀሱ በቀር ቀናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በኦክቶበር 1979 የፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር የምርጫ ኮሚቴ ለሦስቱ የአሜሪካ ታላላቅ የቴሌቪዥን ኩባንያዎች፣ ለሲቢኤስ፣ ለኤንቢሲና ለኤቢሲ፣ አንድ ጥያቄ አቀረበ። ፕሬዚዳንቱ ለሁለተኛ ጊዜ እንደሚወዳደሩ በዲሴምበር መጀመሪያ በይፋ ሊያሳውቁ ነው፤ በዚያው ሳምንት ሕዝቡ ቴሌቪዥን ፊት ከሚቀመጥበት የምሽት ሰዓት 30 ደቂቃ ይሸጥልን፣ ገንዘቡን እንከፍላለን የሚል ነበር።

ሦስቱም እምቢ አሉ። ሲቢኤስ ተወዳዳሪው ብዙ ስለሆነ ሁለት ጊዜ አምስት አምስት ደቂቃ ብቻ ልሽጥላችሁ አለ። ኤንቢሲ የምርጫው ወቅት ገና ነው አለ። ኤቢሲ ደግሞ ለምርጫ ሰዓት መሸጥ የምጀምርበትን ጊዜ አልወሰንኩም ብሎ መለሰ። የኑክሌር መሣሪያ የሚያዝ መሪ፣ ገንዘብ በእጁ ይዞ፣ ግማሽ ሰዓት ቴሌቪዥን መግዛት አቃተው።

ኮሚቴው ለፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን አቤት አለ። ኮሚሽኑ 4 ለ3 በሆነ ድምፅ ፈረደለት። ኩባንያዎቹ ይግባኝ እያሉ ጉዳዩን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወሰዱት። ፍርድ ቤቱም ጁላይ 1 ቀን 1981 የካርተር ወገን ትክክል ነበር ሲል 6 ለ3 ወሰነ። ካርተር ግን በሮናልድ ሬገን ተሸንፈው ወደ ጆርጂያ ከተመለሱ ወራት ተቆጥረዋል። ፍርዱ ደረሰ፣ ባለጉዳዩ ግን ሄዷል።

ፍርዱ የተመሠረተበት ሕግ የወጣው ከዚያ አሥር ዓመት ግድም ቀደም ብሎ ነበር። ለፌዴራል ሥልጣን ለሚወዳደር ዕጩ ተገቢ የአየር ሰዓት ለመስጠትም ሆነ ለመሸጥ ደጋግሞ እምቢ ያለ ጣቢያ ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል ይላል። ጣቢያው የዕጩውን ንግግር መቁረጥና መቀጠልም አይችልም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የአየር ሞገዱ የሕዝብ ሀብት ነው፣ ጣቢያው ባለፈቃድ እንጂ ባለርስት አይደለም።

በዚያው ዘመን ሌላም ለውጥ መጥቶ ነበር። ጁላይ 1 ቀን 1971 የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 26ኛ ማሻሻያ ጸድቆ የመምረጫ ዕድሜ ከ21 ወደ 18 ወረደ። በ18 ዓመቱ ለቬትናም ጦርነት የሚመለመል ልጅ፣ ወደ ጦርነቱ የሚልከውን ሰው መምረጥ አይችልም መባሉ ሊያስኬድ አልቻለም። 11 ሚሊዮን ያህል አዲስ መራጭ በአንድ ጊዜ መጣ። የካርተር ፍርድ የተሰጠው ከዚያ ቀን ልክ በአሥረኛው ዓመት መሆኑ አጋጣሚ ነው፤ ቀጥሎ የመጣው ግን የበለጠ ይገርማል።

ከፍርዱ በኋላ አንድ ወር ብቻ ቆይቶ፣ ኦገስት 1 ቀን 1981፣ ኤምቲቪ ሥራ ጀመረ። ወጣቱ ጓዙን ጠቅልሎ ወደዚያ ሄደ። ኤምቲቪ የሚተላለፈው በኬብል እንጂ በአየር ሞገድ ስላልሆነ ያ ሕግ አይነካውም፤ የተከፈለበት የምርጫ ማስታወቂያም ለረጅም ዘመን አልቀበልም ብሎ እስከ 2008 ቆየ። ሕጉ በሩን በግድ ባስከፈተ ማግሥት ወጣቱ ቤት ቀየረ ማለት ነው።

ኤምቲቪ ማስታወቂያ ባይሸጥም ከፖለቲካ ግን አልራቀም። በ1992 በራሱ የምርጫ ዘመቻ ወጣቱን ውጣና ምረጥ እያለ ቀሰቀሰ፤ ዕጩዎችንም ጋበዘ። ቢል ክሊንተን በጁን ወር ሄደው ከወጣቶች ጋር ተቀምጠው ጥያቄ መለሱ። ጆርጅ ቡሽ ግን ጣቢያውን የልጆች ነገር አድርገው ናቁት፤ ምርጫው ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት በቅስቀሳ ባቡራቸው ላይ አጭር ቃለ መጠይቅ ሰጡ። ለተሸነፉበት ምክንያት ይህ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፣ ኢኮኖሚውም ሮስ ፔሮም ነበሩ። ሆኖም ወጣት ፊት ለመቅረብ የጣቢያውን ግብዣ መቀበል ግድ እንደሆነ ከዚያ ወዲህ ያልገባው ፖለቲከኛ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ፌስቡክ መጣ። ኖቬምበር 2 ቀን 2010፣ በአሜሪካ ምክር ቤት ምርጫ ዕለት፣ ዕድሜያቸው 18ና ከዚያ በላይ በሆነ 61 ሚሊዮን ተጠቃሚዎች ላይ ሙከራ አደረገ። አብዛኞቹ የመረጡ ጓደኞቻቸውን ፎቶ ይዞ ዛሬ ምርጫ ነው የሚል መልእክት ታያቸው፤ ጥቂቶቹ ያለ ፎቶ፣ ሌሎቹ ጭራሽ ምንም አላዩም። በ2012 በኔቸር መጽሔት የወጣው ውጤት መልእክቱ 340,000 ያህል ተጨማሪ ድምፅ እንዳመጣ ገመተ። ኩባንያው ማንን ምረጡ አላለም። ግን ማን መልእክቱን ይይ፣ ማን አይይ የሚለውን የወሰነው ብቻውን ነበር፤ ተጠቃሚውም ሙከራ ውስጥ መሆኑን አላወቀም።

የ2019 መኸር ደግሞ ሁሉንም ገልጦ አሳየ። በሁለት ወር ውስጥ አራት ኩባንያዎች አራት ዓይነት ሕግ አወጡ። ቲክቶክ የፖለቲካ ማስታወቂያ ከለከለ። ትዊተርም ከለከለ፣ ባለቤት ሲቀይር ግን በ2023 መልሶ ፈቀደ። ጉግል ማነጣጠሪያውን ገድቦ ዕድሜን፣ ጾታንና የፖስታ አድራሻ አካባቢን ብቻ አስቀረ። ዕድሜ መቅረቱን ልብ ይሏል፤ ወጣቱን ለይቶ ማነጣጠር አልተከለከለም ማለት ነው። ፌስቡክ ደግሞ የፖለቲከኛን ማስታወቂያ እውነት ይሁን ውሸት አልመረምርም አለ፤ የቴሌቪዥን ጣቢያዎችም በሕግ አይቆርጡም ብሎ ተከራከረ።

ክርክሩ ሲሰሙት ያሳምናል፣ ግን ጎዶሎ ነው። በቴሌቪዥን የወጣን ውሸት ተፎካካሪው፣ ጋዜጠኛውና ጎረቤቱ እኩል ያየዋል፤ መልስም ይሰጥበታል። ስልክ ላይ ለተመረጡ የ19 ዓመት ልጆች ብቻ የተላከን ውሸት ግን ማን አይቶ ይመልስለታል? ፌስቡክ የማስታወቂያ መዝገቡን ለሕዝብ የከፈተው ገና በ2018 ነው፤ መዝገቡንም መራጩ ሳይሆን ተመራማሪና ጋዜጠኛ ነው የሚያገላብጠው።

መከልከልም ቢሆን መፍትሔ እንዳልሆነ ሩማኒያ አሳየች። በኖቬምበር 2024 የፕሬዚዳንት ምርጫ ለቅስቀሳ ምንም አላወጣሁም ያለው ካሊን ጆርጄስኩ፣ በቲክቶክ ገንኖ የመጀመሪያውን ዙር በ23 በመቶ ገደማ መራ። የፖለቲካ ማስታወቂያ በማይሸጥበት መድረክ ማለት ነው። ዲሴምበር 6 የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ምርጫውን ሰረዘው። ማስታወቂያው ማስታወቂያ መባሉን ተወ እንጂ አልጠፋም።

ኢትዮጵያም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለችም። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ተቃዋሚዎች በተለይ የከተማውን ወጣት በአጭር የጽሑፍ መልእክት ይቀሰቅሱ ነበር። የስልኩ ባለቤት አንድ የመንግሥት ድርጅት ብቻ ነበር፤ ከምርጫው በኋላ ግጭት ሲነሣ አገልግሎቱ ተቋርጦ እስከ ሚሊኒየሙ መባቻ ድረስ ሁለት ዓመት ያህል ጠፋ። በ2013 ዓ.ም. ምርጫ ደግሞ ለፓርቲዎች የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሰዓት በደቂቃ ተሰልቶ በነጻ ተደለደለ። ድምፅ ሊሰጥ አምስት ቀን ሲቀረው ግን ፌስቡክ፣ ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ ጋር ግንኙነት ካላቸው ግለሰቦች ጋር የተያያዙ ናቸው ያላቸውን የገጾችና የአካውንቶች መረብ አነሣ። መረቡ ለማስታወቂያም ገንዘብ ከፍሎ ነበር። ደቂቃውን የደለደለው በአዲስ አበባ ያለ መሥሪያ ቤት ነው፤ መረቡን ያነሣው ካሊፎርኒያ የተቀመጠ ኩባንያ።