ያልዘለቀው ምሕረት

ከሮቤ ወደ ሶፍ ዑመር ስወርድ ጎሮ ላይ አረፍኩ። በቅቤ የተጠበሰው ቡና ቀላ ገና ከእሳት ወርዶ ቅቤው ይሸታል። የቤቱ ሽማግሌ «ልጄ፣ ቁጣውን ያሸነፈ ንጉሥ ታውቃለህ?» አሉኝ።

ከመቅደላ፣ ከአጤ ቴዎድሮስ አምባ ጀመርኩላቸው። አጤ ምኒልክ አባታቸው የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በሞቱ ሰሞን፣ በ1848 ዓ.ም.፣ የ11 ዓመት ልጅ ሳሉ በአጤ ቴዎድሮስ እጅ ገቡ። ምርኮኛ ናቸው፤ ቴዎድሮስ ግን ወደዷቸው፣ ልጃቸውን አልጣሽንም ዳሩላቸው። ልጁ አሥር ዓመት ያህል የንጉሡን ጀግንነትም፣ ቁጣቸውንም ሲያይ አደገ። በሰኔ 1857 ሌሊት አምልጦ ወሎ ሲገባ የአገሩ ገዥ ወይዘሮ ወርቂት ተቀበለችው። ቴዎድሮስ ይህን በመነጽር አሻግረው ሲያዩ ደማቸው ፈላ፤ በመያዣ የነበረውን የወርቂትን ልጅና ሌሎች የወሎ ሰዎችን አስገደሉ። ያመለጠው ሌላ፣ የሞተው ሌላ! እንግሊዞች በ1860 መቅደላ ሲደርሱ ንጉሡ አጋር አጥተው ነበር።

የምኒልክ ድካም ደግሞ ኩራት ነበር። ሸዋን እንደያዙ ንጉሠ ነገሥት ነኝ አሉ። በኋላ ዙፋኑን የያዙት አጤ ዮሐንስ መጡባቸው። በ1870 ልቼ ላይ፣ ያ ሁሉ ጦር እያላቸው፣ ምኒልክ ድንጋይ በአንገታቸው ተሸክመው ዮሐንስ ፊት ወደቁ። ዮሐንስም የሸዋን ዘውድ ጫኑላቸው። እኔ ይህን ቀን ከዓድዋ ድል አላሳንሰውም፤ በሠራዊቱ ፊት ጎንበስ ማለት ከመተኮስ ይከብዳል። በ1874 እምባቦ ላይ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ቆስለው ሲማርኳቸው አልተበቀሉም። ቁስላቸውን አሳከሙ፣ በኋላም ወደ አገራቸው ሰደዷቸው። የመቅደላው ልጅ ከቴዎድሮስ ቁጣ የተማረውን አሳየ፣ አልኳቸው።

ሽማግሌው ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ፣ «ይህ ለጎጃም ነው። ለአርሲስ?»

አፌ ተያዘ። አርሲን ለማስገበር የተደረገው ዘመቻ የእምባቦ ድል በተገኘበት ዘመን የተጀመረ ነው። በጦርና በጋሻ የቆመው ሕዝብ ዓመታት ተዋግቶ፣ በ1878 አዙሌ ላይ በጠመንጃ ተረታ። ጦሩን የመሩት ራስ ዳርጌ የምኒልክ አጎት ናቸው፤ እሳቸውም የመቅደላ እስረኛ ነበሩ። ሰንሰለት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው! ከዚያ ወደ ባሌ ተሻገሩ። በአኖሌ የተቆረጠውን እጅና ጡት የአርሲ አባቶች ለልጆቻቸው ሲነግሩ ኖረዋል፤ በ2006 ሐውልት ቆሞለታል። እምባቦ ላይ የቁስለኛ ንጉሥ ቁስል ያሳከመ ልብ እዚህ ምነው አልዘለቀ? ይህ ጥያቄ ያንገበግበኛል። ምኒልክን የምወድ ሰው ነኝና ይበልጥ ያመኛል።

ይህንኑ ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ከቡና ቀላው ዘግነው በእጄ አስያዙኝና፣

«በል ልጄ፣ አሁን ከአኖሌ ጀምረህ እንደገና ንገረኝ» አሉኝ።