የተሽከርካሪ ጎማን ያለ እርሳስ ማመጣጠን፦ ለወልዲያ፣ መርሳና ሀብሩ መንገዶች የሚስማሙ አማራጮች

የተሽከርካሪ ጎማ ከቸርኬው ጋር ከተገጠመ በኋላ ክብደቱ በዙሪያው እኩል እንዲሆን የሚደረገው የማመጣጠን ወይም የባላንስ ሥራ ለረጅም ዘመን በእርሳስ ቁራጮች ሲከናወን ቆይቷል። እርሳስ ለጤና ጎጂ መሆኑ በመረጋገጡ ግን በርካታ አገሮች ይህን ብረት ከጎማ ላይ በማስወገድ በሌሎች ቁሶች ተክተውታል። ይህ ጽሑፍ በእርሳስ ምትክ የሚያገለግሉትን አማራጮች ጠባይ፣ እንዲሁም እንደ ሰሜን ወሎ ዞን ባለ የመንገድ ሁኔታ የትኛው ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ተሽከርካሪ እንደሚመረጥ ያስረዳል።

የማመጣጠን አስፈላጊነት

ማንኛውም ጎማና ቸርኬ በአንድ ወገን በጥቂት ግራም መክበዱ አይቀርም። ልዩነቱ ተሽከርካሪው ቆሞ ሳለ የማይታወቅ ቢሆንም በፍጥነት ሲሽከረከር ኃይል ይሆናል። ለምሳሌ ዲያሜትሩ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጎማ ከመሐሉ 20 ሳንቲ ሜትር ርቆ 30 ግራም ትርፍ ክብደት ቢኖርበት፣ ተሽከርካሪው በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ጎማው በሴኮንድ ወደ 15 ጊዜ ይዞራል። ይህች ትንሽ ልዩነትም 5 ኪሎ ግራም ያህል በሚመዝን ኃይል ጎማውን በየዙሩ ወደ ውጭ ትጎትተዋለች። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል።

የዚህ ውጤት የመሪ መንቀጥቀጥ፣ የጎማ ያለቦታው መበላት፣ የኩሽኔታና የሾክ አብዞርበር ቶሎ ማርጀት ነው። ይሁንና ተሽከርካሪው ወደ አንድ ወገን የሚስብ ከሆነ ችግሩ በአብዛኛው የአላይመንት ወይም የጎማ አየር መጠን እንጂ የባላንስ አለመሆኑን መለየት ያስፈልጋል።

እርሳስ የተመረጠበትና የተተወበት ምክንያት

እርሳስ ከባድ፣ ለስላሳና ርካሽ ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ እርሳስ 11.3 ግራም ያህል ስለሚመዝን ትንሽ ቁራጭ በቂ ክብደት ይሰጣል። ለስላሳ በመሆኑም ከቸርኬው ጠርዝ ቅርጽ ጋር በመዶሻ በቀላሉ ይስማማል።

ጉዳቱ የሚመጣው ቁራጩ ከቸርኬው ሲወድቅ ነው። በመንገድ ላይ የወደቀ እርሳስ በሌሎች ጎማዎች እየተፈጨ ወደ አቧራነት ይለወጣል፤ በጎርፍም ወደ እርሻና ወንዝ ይወሰዳል። የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ድርጅት እ.ኤ.አ በ2003 በአገሪቱ ተሽከርካሪዎች ላይ 65 ሺህ ሜትሪክ ቶን ያህል የእርሳስ ማመጣጠኛ እንደነበረ፣ ከዚህም 2 ሺህ ቶን ያህሉ በዓመቱ ውስጥ በመንገድ ላይ እንደወደቀ ገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስገነዝበው ደግሞ ጉዳት የማያስከትል የእርሳስ መጠን ተለይቶ አይታወቅም። በተለይ የሕፃናትን የአእምሮ እድገት ይጎዳል።

በመሆኑም የአውሮፓ ኅብረት ያገለገሉ ተሽከርካሪዎችን በሚመለከተው እ.ኤ.አ የ2000 መመሪያው መሠረት ከጁላይ 2005 ጀምሮ የእርሳስ ማመጣጠኛን ከአገልግሎት አስወጥቷል። በአሜሪካም የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ ከ2010፣ የዋሽንግተን ግዛት ደግሞ ከ2011 መጀመሪያ አንስቶ ከልክለዋል። እርሳስ ያለበት ቤንዚን ለተሽከርካሪ መሸጡ እ.ኤ.አ በ2021 በመላው ዓለም አብቅቷል። ኢትዮጵያ በበኩሏ እ.ኤ.አ በ2018 በወጣ ደንብ በቀለም ምርቶች ውስጥ የሚገኘው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስናለች።

የሚታወቁት አማራጮች

1. የብረት ማመጣጠኛ። በመንጠቆ የሚያዝ ወይም በማጣበቂያ የሚለጠፍ ሆኖ ይቀርባል። ከእርሳስ ጋር እኩል ክብደት ለማግኘት መጠኑ በ1.4 እጥፍ ገደማ መብለጥ አለበት። እንዳይዝግ የተቀባ መሆን ይገባዋል። ከአማራጮቹ ሁሉ ለአካባቢ ጉዳት የማያሰጋው ይህ ነው።

2. የዚንክ ማመጣጠኛ። ዝገትን ይቋቋማል። መጠኑ ግን ከእርሳስ በ1.6 እጥፍ ያህል ይበልጣል። ከእርሳስ ስለሚጠነክር ከቸርኬው ቅርጽ ጋር የማይመሳሰል መንጠቆ ከተመታበት ተመልሶ ይወድቃል። ዚንክ በብዛት ወደ ውኃ ከገባ የውኃ ውስጥ ፍጥረታትን ይጎዳል።

3. በጎማ ውስጥ የሚጨመሩ እንክብሎች። ጥቃቅን የመስታወት፣ የሴራሚክ ወይም የፕላስቲክ እንክብሎች ናቸው። ጎማው በፍጥነት ሲዞር ከከበደው ወገን በተቃራኒ ተሰብስበው ሚዛኑን ይጠብቃሉ። ጎማው እየተበላ ሲሄድም ራሳቸውን ያስተካክላሉ። ይሁን እንጂ የሚሠሩት በተወሰነ ፍጥነት ለረጅም ጊዜ ሲጓዙ ነው። ዝግ ሲባል ይበተናሉ። ከኮምፕሬሰር የሚመጣ እርጥበት ወይም የጎማ መድፈኛ ፈሳሽ ካገኛቸው ይጣበቃሉ፤ ማጣሪያ ያለው ቫልቭም ያስፈልጋቸዋል።

4. ከቸርኬው ጀርባ የሚገጠም ቀለበት። በውስጡ የሚንቀሳቀስ ክብደት የታሸገበት ሲሆን ለከባድ ጭነት መኪናና ለአውቶቡስ ያገለግላል። ጎማ ሲቀየር አብሮ የማይጣል በመሆኑ ዘላቂ ነው። ከተገጠመ በኋላ ግን የጎማው ብሎኖች ጥብቀት እንደገና መፈተሽ አለበት።

5. ተጨማሪ ክብደትን የሚቀንስ አገጣጠም። በአዲስ ጎማ ጎን ላይ የሚታየው ቢጫ ነጥብ የጎማውን ቀላል ወገን ያመለክታል። ነጥቡ ከቫልቩ ትይዩ ሆኖ ሲገጠም የሚያስፈልገው ማመጣጠኛ ይቀንሳል። ይህ ምንም ወጪ የለውም።

ውኃ ወይም አሸዋ በጎማ ውስጥ መጨመር ግን እንደ አማራጭ ሊቆጠር አይገባም፤ ቸርኬውን ያዝጋል፣ ጎማውንም ከውስጥ ይበላል።

የአካባቢው መንገድና ምርጫው

ወልዲያ ከአዲስ አበባ ደሴን አልፎ ወደ ቆቦና አላማጣ የሚዘልቀው ዋና መንገድና ወደ ጋሸና፣ ደብረ ታቦርና ወረታ የሚወስደው መንገድ የሚገናኙባት ከተማ ናት። የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳም በዚያው ዋና መንገድ ላይ ከወልዲያ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ትገኛለች። በመሆኑም አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ተሽከርካሪ በአንድ ቀን ውስጥ በሲሪንቃ በኩል በአስፋልት ሊሮጥ፣ ከዚያም ወደ ገጠር ቀበሌዎች በጠጠር መንገድ ሊወርድ ይችላል። በድልብ አቀበት የሚወጣ ተሽከርካሪም በዝግታ ማርሽ ረጅም ሰዓት ይጓዛል።

ይህ ዓይነቱ ጉዞ ለእንክብል አይመችም፤ ፍጥነቱ በየጊዜው ይቀያየራልና። በጠጠር መንገድ ላይ ደግሞ በቸርኬው የውጭ ጠርዝ በመንጠቆ የተያዘ ማመጣጠኛ በድንጋይ ተመትቶ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ለወረዳና ለዞን መሥሪያ ቤቶች ፒካፖችና የመስክ መኪናዎች ይበልጥ የሚስማማው በቸርኬው የውስጥ ገጽ ላይ የሚለጠፍ የብረት ማመጣጠኛ ነው። ከመለጠፉ በፊት ቦታው ከጭቃና ከዘይት በሚገባ መጽዳትና መድረቅ አለበት። በዋናው መንገድ ላይ በተመሳሳይ ፍጥነት ረጅም ርቀት የሚጓዙ አውቶቡሶችና የጭነት መኪናዎች ግን ከቀለበቱ ሊጠቀሙ ይችላሉ።

በክረምት በቸርኬው ውስጥ የደረቀ ጭቃ ራሱ ሚዛን ያዛባል። መሪው መንቀጥቀጥ ሲጀምር አስቀድሞ ጎማውን ማጠብ ተገቢ ነው። ጎማ በተቀየረ፣ በተለጠፈ ወይም በኃይል በተመታ ቁጥርም ባላንሱ መታየት አለበት።

በግዥና በጥገና ወቅት ሊታዩ የሚገባቸው ነጥቦች

የጎማና የጥገና አገልግሎት ግዥ ሲዘጋጅ በቴክኒክ ዝርዝሩ ላይ “ማመጣጠኛው ከእርሳስ ነፃ ይሁን” የሚል አንድ ሐረግ መጨመር ይቻላል። ርክክብ ሲደረግም መለየቱ አስቸጋሪ አይደለም። በብዙዎቹ ላይ የንጥረ ነገሩ የላቲን ምልክት ይቀረጻል፤ “ፒቢ” እርሳስን፣ “ዜድ ኤን” ዚንክን፣ “ኤፍ ኢ” ብረትን ያመለክታል። ምልክት ከሌለው እርሳስ በጥፍር ይጫራል፤ ወረቀት ላይም ግራጫ መስመር ይተዋል። ብረት በማግኔት ይሳባል። መንጠቆው በሁሉም ዓይነት ብረት ስለሚሆን ፈተናው በቁራጩ አካል ላይ መደረግ አለበት። ቀለም የተቀባ እርሳስም ስላለ በመልኩ ብቻ መፍረድ አይገባም።

ከጎማ የሚነቀሉ አሮጌ የእርሳስ ቁራጮች በግቢ ውስጥ እንዳይጣሉ፣ በከሰል እንዳይቀልጡና ለሕፃናት መጫወቻ እንዳይሆኑ ክዳን ባለው ዕቃ ተለይተው መቀመጥ ይኖርባቸዋል። እ.ኤ.አ በ2018 የወጣው የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090 ለእንዲህ ዓይነቱ ጥንቃቄ የሕግ መሠረት ነው። የጎሚስታ ሠራተኞችም እርሳስ ከነኩ በኋላ ምግብ ከመብላታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና መታጠብ አለባቸው።

በአጠቃላይ በእርሳስ ምትክ የሚሆነውን መምረጥ የዋጋ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአንድ ተሽከርካሪ ላይ ያለው እርሳስ ጥቂት ግራም ቢሆንም ከወደቀ በኋላ የሚቀረው ሰው በሚኖርበትና በሚያርስበት መሬት ላይ ነው። ከብረት የተሠራውን በመምረጥ፣ አሮጌውንም ለይቶ በመያዝ ጉዳቱን ከምንጩ መግታት ይቻላል።