ከጦር ሜዳ ወደ ማዋለጃ ክፍል፦ የቀድሞ ተዋጊ እናቶችና የነርስነት ሙያ በኢሉባቦር



ንግግሬን ከመቱ ሳይሆን ከጎረቤታችን ከነቀምቴ ልጀምር። ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በነቀምቴ ዐረፉ። ዕድሜያቸው ገና 22 ዓመት ነበር። ባለቤታቸው አቢይ አበበ የጦር መኮንን ሲሆኑ በዚያን ጊዜ ወለጋን ያስተዳድሩ ነበር፤ ጋብቻቸውም መንፈቅ አልሞላውም። ለኅልፈታቸው ምክንያት የሆነው ከእርግዝና ጋር የተያያዘ ሕመም ነው። ልዕልቲቱ ራሳቸው ነርስ ነበሩ፤ በስደት ዘመን በለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ሠልጥነው የሙያ ማረጋገጫ አግኝተዋል።

ስማቸውን የተሸከመው መታሰቢያ ሆስፒታል፣ ሲልቪያ ፓንክረስት በእንግሊዝ አገር ባስተባበሩት የገንዘብ ማሰባሰብ ጭምር ታግዞ፣ በ1940ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ተከፈተ። ዘመን ሲለወጥ ያው ሆስፒታል የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ሆነ። በእርግዝና ምክንያት ለሞተች ነርስ መታሰቢያ የተሠራ ቤት የወታደር ማከሚያ ሆኖ ቀረ ማለት ነው። በአገራችን የነርስነት ታሪክ ውስጥ ሁለት መንገዶች አሉ፦ አንዱ ወደ ቁስለኛው ወታደር፣ ሌላው ወደ ወላዷ እናት የሚወስድ። የዛሬው ጥያቄዬ አጭር ነው፤ አንዲት ሴት ወታደርም ነፍሰ ጡርም ሆና ስትመጣ በየትኛው መንገድ እንቀበላታለን?

ጥያቄው ከመጽሐፍ አልመጣብኝም። በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ ገና ጀማሪ ነርስ ሳለሁ፣ በኢሉባቦር ከሚገኙት ከተሞች በአንዱ በማዋለጃ ክፍል እሠራ ነበር። አንዲት ወጣት ምጥ ይዟት አክስቷ ደግፋ አመጣቻት። ከኋላዬ የብረት ትሪ ወድቆ ሲንኳኳ ሴትዮዋ ከአልጋው ወርዳ፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ ጥግ ላይ ቁጢጥ አለች። ዐይኖቿ በሩ ላይ ተተከሉ። ክንዷን ይዤ ላነሣት ስሞክር ገፈተረችኝ። ተቆጣሁ፤ ድምፄንም ከፍ አደረግሁ። በካርዷ ላይ በገዛ እጄ የጻፍሁት «ታካሚዋ አትተባበርም» የሚል ነበር። አክስቷ ጠጋ ብላ «ልጄ፣ አትቆጪያት፤ ከጫካ ነው የመጣችው» አለችኝ። ነገሩ ገባኝ፤ ሆኖም በቃሉ ምን እንደማደርግበት አላወቅሁም። ሕፃኑ በሰላም ተወለደ። እናቲቱ ግን ሲነጋ ሄደች፤ ለድኅረ ወሊድ ክትትልም አልተመለሰች። እኔም ዳግመኛ አላየኋትም።

ያን ቀን ያጠፋሁት ጥፋት የእኔ ነው። ይሁን እንጂ የእኔ ብቻ ነበር ወይ ብዬ ስጠይቅ ወደ ታሪክ ተመለስሁ።

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በሐምሌ 1927 ዓ.ም.፣ የጣሊያን ወረራ በደጅ ሳለ ተቋቋመ። በዚያው ዘመን የተመሠረተው የሴቶች የበጎ አድራጎት ማኅበር አባላት ልዕልት ፀሐይን ጨምሮ ፋሻና የጦር ሜዳ አልባሳት ያዘጋጁ ነበር። እንግዲህ የዘመናዊ ነርስነታችን አጀማመር ከጦርነት ጋር የተቆራኘ ነው። በዚያ አጀማመር ሴቲቱ አስታማሚ፣ ወንዱ ቁስለኛ ነበር።

እውነታው ግን ከዚያ የሰፋ ነበር። አዲስ አበባ በጠላት እጅ ስትወድቅ የመንግሥቱ ቅሪት የተሰበሰበው እዚሁ በእኛ አገር፣ ያኔ የኢሉባቦር መዲና በነበረችው በጎሬ ነው። ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ በዚያ ጊዜያዊውን አስተዳደር መሩ፤ ራስ እምሩም ከጥቁር አንበሳ ማኅበር አርበኞች ጋር በምዕራቡ ተንቀሳቀሱ። በ1929 ዓ.ም. ጎሬ ተያዘች፤ የጎሬው ጳጳስ አቡነ ሚካኤል ተረሸኑ፤ በታኅሣሥም ራስ እምሩ በጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጃቸውን ሰጡ። በዚያው ወር ፍቼ ላይ ደጃዝማች አበራ ካሣ በተገደሉ ጊዜ ባለቤታቸው ወይዘሮ ከበደች ሥዩም የባላቸውን ጦር ይዘው ዱር ገቡ። እናትም አዝማችም ነበሩ። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ደግሞ ተይዘው በጣሊያን አገር በአዚናራ ደሴት ከታሰሩ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው አርበኝነታቸውን ቀጠሉ።

የእነዚህን ሴቶች ጀግንነት ተምረናል። ጀግንነት በአደባባይ ይነገራል፣ ይፎከራል፣ ይሸለማል። ከፉከራው በኋላ በሌሊት የሚመጣው መባነን ግን የሚነገርበት አደባባይ አልነበረውም። ለወንዱ እንኳ «ጦርነቱ አልለቀቀውም» ይባልለታል፤ ሴቲቱ ልጅ ታቅፋ ስትባንን የምትሰማው «ምን ነካት?» የሚል ብቻ ነው።

በዓለምም ቢሆን ሕመሙ ስም ለማግኘት ዘግይቷል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ማየርስ እ.ኤ.አ. በ1915 የመድፍ ድንጋጤ ስለተባለው ሁኔታ ጻፈ። ዛሬ ፒ.ቲ.ኤስ.ዲ. የምንለው፣ ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚከተለው የአእምሮ ሕመም፣ በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መዝገብ የገባው የቬትናም ጦርነት ካበቃ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። በሁለቱም ጊዜ ሐኪሞቹ በዋናነት ያዩት ወንድ ወታደርን ነበር። ሕመሙ በእርግዝና ላይ ምን እንደሚያደርግ የተጠየቀው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

ወደ አገራችን ልመለስ። በ1983 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲያበቃ የቀድሞው ሠራዊት አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን ተመሠረተ። ከ450 ሺህ የማያንሱ የደርግ ወታደሮች ወደ ሲቪል ኑሮ ተመለሱ። ቀጥሎም ከ20 ሺህ በላይ የኦሮሞ ነፃነት ግንባር ተዋጊዎች በዚሁ መንገድ አለፉ፤ ከበደሌ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ የምትገኘው ዴዴሳም ተዋጊዎቹ ከተያዙባቸው ካምፖች አንዷ ነበረች። በሰሜን ደግሞ ከሕወሓት ተዋጊዎች ሲሶ ያህሉ ሴቶች ነበሩ። የተቀነሱት ወደየመጡበት ሲመለሱ የትራንስፖርት፣ የእህልና የገንዘብ ድጋፍ ተሰጣቸው፤ እግሩን ላጣ ሰው ሠራሽ እግር ታሰበለት። ይህ በጎ ሥራ ነው። ነገር ግን ጉዳት ሲባል በዐይን የሚታየው ጉዳት ነበር። በወጣትነታቸው ወደ ትግል የገቡ ሴቶች ደግሞ ትዳርና ልጅ የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው። የመጀመሪያ እርግዝናቸውና የመጀመሪያ ሰላማቸው በአንድ ጊዜ መጡ።

የአእምሮ ሕክምናውስ የት ነበር? ለረጅም ዘመን በአዲስ አበባ በአማኑኤል ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 በዚያው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን ማሠልጠን ተጀመረ፤ ተመራቂዎቹም አገልግሎቱን ከዋና ከተማው አውጥተው ወደ ክፍለ ሀገር ሆስፒታሎች ወሰዱ። በኢትዮጵያ የአእምሮ ሕክምና ወደ ገጠሩ የወጣው በነርስ እግር ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሆኖም የአእምሮ ሕክምና ነርሷ ክፍልና የአዋላጇ ክፍል በአንድ ግቢ ውስጥ ሆነውም ሁለት አገር ነበሩ።

መቱን እንመልከት። ይህች ከተማ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የሆስፒታላችን ስም የሚያስታውሰው ካርል ሄንዝ በም የሰዎች ለሰዎች ድርጅትን የመሠረቱት በ1974 ዓ.ም. ነው፤ ድርጅቱ በኢሉባቦር የሠራው ሥራም የታወቀ ነው። ወደዚህ ሆስፒታል ከጎሬ፣ ከሁሩሙ፣ ከአልጌ፣ ከያዮ፣ ከበቾ እናቶች ይመጣሉ። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ምክንያት ከወሎና ከትግራይ መጥተው የሰፈሩ ቤተሰቦች ልጆችም ይመጣሉ። ከእነዚህ መካከል መሣሪያ የያዘች የትኛዋ እንደሆነች ፊቷ ላይ አልተጻፈም። እኔ በሠራሁባቸው የቅድመ ወሊድ ክትትል ካርዶች ላይ ስንት ጊዜ እንዳረገዘች፣ ስንት ልጅ እንደወለደች፣ የደም ግፊቷ ስንት እንደሆነ የሚጻፍበት ቦታ አለ። «ጦርነት ውስጥ ነበርሽ ወይ?» የሚል መስመር ግን የለም።

መጠየቁ ለምን ያስፈልጋል? በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች የጤና አገልግሎት በኩል እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2012 የተመዘገቡ ከ16 ሺህ በላይ ወሊዶችን የመረመረ ጥናት፣ ከወሊድ በፊት በነበረው ዓመት ሕመሙ የነበረባቸው እናቶች ያለ ጊዜው የመውለድ ዕድላቸው በ35 በመቶ ያህል ከፍ እንደሚል አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 የእናቶችን የአእምሮ ጤና ከመደበኛው የእናቶችና ሕፃናት አገልግሎት ጋር የሚያዋሕድ መመሪያ አውጥቷል። ጉዳዩ እንግዲህ የሕፃኑም ነው።

ተማሪዎቼ «ምን እናድርግ?» ትሉኛላችሁ። አብዛኛው ነገር መድኃኒት ቤት አይልክም። ከኋላዋ አትምጡባት፤ በሩን ማየት በምትችልበት በኩል አስተኟት። እጃችሁ ሰውነቷን ከመንካቱ በፊት ምን ልታደርጉ እንደሆነ ንገሯት፣ ፈቃዷን ጠይቁ፣ «ይብቃ» ስትል አቁሙ። የማሕፀን ምርመራ ለማንኛዋም ሴት ከባድ ነው፤ በጦርነት ጊዜ ሰውነቷ ለተደፈረባት ሴት ደግሞ ያ ሰዓት እንደገና ሊመጣባት ይችላል። የምታምነው ሰው አጠገቧ ይቁም። ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ቅዠቷ ጠይቋት፤ ስላለፈው ግን ዝርዝሩን እንድትተርክ አታስገድዷት። ራሷን ስለመጉዳት አስባ እንደሆነ በግልጽ ጠይቋት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርባትም። ብቻዋን ስትሆን ጠይቁ፤ ባል ወይም አማት ባለበት እውነቱ አይወጣም። የነገረቻችሁ በየትኛው ወገን እንደተዋጋች ቢሆን እንኳ ከክፍሉ አይውጣ፤ ያ ምስጢር ሲወጣ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላልና። መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ በድንገት አታስቁሟት፤ ከአእምሮ ሕክምና ነርሷና ከሐኪሙ ጋር ተመካከሩ። ቫልፕሮኤትን የመሰሉ ለፅንስ አደገኛ መድኃኒቶች ስላሉ ምክክሩ በጊዜ ይጀመር። ደንግጣ ራሷን ካጣች ደግሞ በዝግታ ስሟን ጥሩ፣ የት እንዳለች ንገሯት፣ እግሯ ወለሉን እንዲነካ አድርጉ። መጮህ አያስፈልግም። ይህን የምለው የጮኸችው እኔ ስለሆንሁ ነው።

ከሁሉ በላይ የአገሩን ጥበብ አትናቁ። በኦሮሞ ባህል እናት በወለደች በአምስተኛው ቀን ሴቶች ለሻነን ይሰበሰባሉ፤ ገንፎ ይበላል፣ ይዘፈናል፣ አራሷ ትከበራለች። ቀነፋ ያሰረች አራስን ማንም አይደፍራትም። በአማራውም ቤት አራስ ጥሪ አለ። ከጫካ የተመለሰች ሴት ግን ብዙ ጊዜ ይህ ክበብ ይጎድልባታል፤ ወይ ዘመዶቿ ርቀዋል፣ ወይ ጎረቤት በጥርጣሬ ያያታል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከወሊድ በኋላ ቤቷን ስታንኳኳ ከሙቀት መለኪያው ጋር አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ይዛ ትግባ፦ «ገንፎውን ማን አገነፋልሽ?» መልሱ «ማንም» ከሆነ ያ ምልክት ነው፤ ይመዝገብ።

ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ባልደከምኋችሁ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነቱ ከተፈረመ በኋላ አዲስ የተሐድሶ ኮሚሽን ተቋቁሟል፤ ያቀደውም ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ኅብረተሰቡ መመለስ ነው። የእኛው የምዕራብ ኦሮሚያም የግጭት ዓመታትን አሳልፏል። ከተመላሾቹ መካከል ሴቶች አሉ፤ ከሴቶቹም መካከል ልጅ የሚወልዱ ይኖራሉ። በ1983 ዓ.ም. ያልተጠየቀው ጥያቄ ዛሬም ሳይጠየቅ ከቀረ፣ አላወቅንም ማለት አንችልም።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው፤ አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም። በምናሠለጥንባቸው ክሊኒኮች በቅድመ ወሊድ ክትትል ወቅት አንዲት ጥያቄ በጥንቃቄና በምስጢር ትጠየቅ፤ መልሷም አዋላጇን ከአእምሮ ሕክምና ነርሷ ጋር ታገናኝ። የሁለቱ ክፍሎች ርቀት የአንድ መተላለፊያ ያህል ነው።

ያቺ ሴት ዛሬ በሕይወት ካለች ልጇ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። በዚያ ካርድ ላይ የጻፍሁትን ቃል መልሼ ልሰርዘው አልችልም። እናንተ ግን ካርዱን ገና ልትጽፉ ነው።